ወንድሜን «ወዳቂ» እያሉ ሊያጠፉት ነው

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልመጣለትም። አባባ እንግዳ ፊት ሳይቀር «ይሄ ወዳቂ» ይሉታል። ልጁ ከእኛ ጋር መብላት ትቷል፣ ቀኑን ሙሉ ተሸፋፍኖ ይተኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ የተኛው ሰንፎ ሳይሆን አፍሮ ይመስለኛል። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታዲያ የቀሩት ሁሉ ከንቱ ናቸው? ፈተናው አንዴ አልፏል፣ በየቀኑ «ወዳቂ» መባል ግን ውስጥ ይገባል፤ ልጁ ብሞክርም ያው ነኝ ብሎ መሞከሩን ይተዋል፣ ያን ያየ ቤተሰብ ደግሞ «አላልኳችሁም?» ይላል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

አባትሽን ሰው ፊት አትሞግቻቸው። ለብቻቸው ሲሆኑ ረጋ ብለሽ ልጁ እየተጎዳ እንደሆነ ንገሪያቸው። እምቢ ካሉ የሚያከብሩትን ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባታችሁን ላኪባቸው፤ እኛ አገር አባት ከልጁ ይልቅ እነሱን ይሰማል።

ለወንድምሽ ምክር አታብዢበት። አብረሽው ብዪ፣ ማታ ማታ ይዘሽው ወጣ በዪ። እንደገና መፈተኑም ሙያ መማሩም ሲረጋጋ ይደረስበታል። ሁኔታው ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አብረሽው ሂጂ። «ብሞት ይሻለኛል» ካለሽ ደግሞ ብቻውን አትተይው፣ ዛሬውኑ ውሰጂው።