ከበሮ፣ አቡጀዲና አሮጌ ላፕቶፕ፦ ለጎጃም ወጣቶች

ይድረስ ከባሕር ዳር እስከ ደጀን፣ ከሞጣ እስከ ዳንግላ፣ ድምፅና ብርሃን አንድ ላይ መጫወት ለጀመራችሁ ልጆች። እንደምን ከረማችሁ?

ሥራችሁ በስልክ ይደርሰኛል። አንዱ ከበሮ ሲመታ ግድግዳው ላይ ቀለም ይፈነጥቃል። አንዷ ማሲንቆ ላፕቶፕ ውስጥ አስገብታ ድምፁን እንደ ጥጥ ትባዝተዋለች። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ሬዲዮና አምፕሊፋየር ስጠግን፣ በየመድረኩና በየሠርጉ ሞንታርቦ ስተክል ኖሬያለሁ። ስለዚህ ጉዳዩ የእኔም ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ምን ዕቃ ልግዛ?» ለጊዜው ምንም አትግዙ። የዚህ ሥራ ልቡ እጃችሁ፣ ድምፁና ብርሃኑ እርስ በርስ የሚተሳሰሩበት መንገድ ነው። ከሱቅ የመጣ ዕቃ ያንን መንገድ ሌላ ሰው አስቀድሞ ወስኖበታል። በእጃችሁ የሠራችሁት ላይ ግን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ኪቦርድን እንውሰድ። አንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጭን አቻው ያለውን ርቀት፣ 12 እኩል ቦታ ከፋፍሎ ነው የሚመጣው። የእኛ ባለ ማሲንቆ ግን ትዝታን ወይም አምባሰልን ሲቃኝ የሚያምነው ጆሮውን ነው። ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ አንዳንዴ በሁለት ቁልፎች መሃል ይውላል። በኪቦርድ ምክንያት «ቅኝትህ ወርዷል» ተብሎ የተሸማቀቀ ባለሙያ አይቻለሁ። እኔ ስሰማው ምንም አልወረደም ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፒዩር ዳታ የሚባለውን የድምፅ መሥሪያ ፕሮግራም አውርዱ። ሚለር ፓኬት የተባለ ሰው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ነፃ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። እዚያ ውስጥ የእያንዳንዱን ድምፅ ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። «ሲግመንድ» የሚባል ሳጥን አለው፤ የገባለትን ድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ይለካል። መጀመሪያ ባለ ማሲንቆው እንደ ልቡ ይቃኝ። ከዚያ እናንተ ኮምፒውተሩን ለእሱ ቃኙለት።

ላፕቶፕ ለሌላችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። እንዲያውም ላላችሁም ቢሆን ከዚህ ብትጀምሩ እመርጣለሁ። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት አይደል? ብስክሌቱን ለጊዜው አቆዩት። ከተሰበረ የሶላር መብራት ላይ ትንሿን ፓኔል ፍቱ። ሁለቱን ሽቦዎቿን ከጃክ ጋር አገናኙና የሚክሰሩ (የድምፅ ማቀላቀያው) ላይን መግቢያ ላይ ሰኩ። ቮልዩሙን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ፓኔሏን ወደ ፀሐይ ብታዞሯት ዝም ትላለች፤ የፀሐይ ብርሃን አይርገበገብምና። በመብራት ኃይል ወደሚሠራ አምፖል ስታዞሯት ግን ብዙ ጊዜ «ዝዝዝ» ትላለች። መስመሩ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በእያንዳንዱ ዙር ሁለቴ፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይናችሁ ያላየውን ጆሯችሁ ሰማው ማለት ነው።

አሁን ብስክሌቱን ገልብጡት። ከኋላው ጎማ ጀርባ ጠንካራ የእጅ ባትሪ አብሩ፤ ከፊት ለፊቱ ፓኔሏን አስቀምጡና ጎማውን አሽከርክሩት። የቸርኬው ቀጫጭን ሽቦዎች ብርሃኑን እየቆራረጡ ያሳልፉታል። ብዙ ጊዜ ሽቦዎቹ 36 ናቸው። ጎማው በሴኮንድ 5 ጊዜ ከዞረ ብርሃኑ 180 ጊዜ ይቆረጣል፤ 180 ኸርዝ ማለት ደግሞ ሰው በጉሮሮው ሊያንጎራጉረው የሚችል ድምፅ ነው። ጎማው እየደከመ ሲሄድ ድምፁም እየወፈረ ይወርዳል። እጃችሁን በብርሃኑ መሃል ስታስገቡ ድምፁ ይቋረጣል፤ ጣቶቻችሁን ስትከፍቱ ይመለሳል። ከፓኔሏ ጀርባ አቡጀዲ ብትወጥሩ ደግሞ የሽቦዎቹ ጥላ እዚያው ላይ ይሽከረከራል። የሚታየውም የሚሰማውም ከአንድ ብርሃን መጣ። ተመልካቹ ማንም ሳያስረዳው ገባው። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ትስስር በብዙ ብር በተገዛ ዕቃም አላየሁም።

ነገሩ የሕፃናት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የድሮ ሲኒማ ድምፅም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከምስሉ ጎን ፊልሙ ላይ የድምፅ መስመር ይታተማል። መብራት በመስመሩ ውስጥ ያልፍና ብርሃን የሚቀበል ዕቃ ላይ ያርፋል፤ የብርሃኑ መጠን መለዋወጥ ድምፅ ይሆናል።

አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ሃሊም ኤል-ዳብ ይባላል፣ ግብፃዊ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መቅረጫ ተውሶ የዛር ሥነ ሥርዓት ድምፅ ቀረጸ። ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ ያንን ድምፅ በማስተጋቢያ እየለወጠ አዲስ ሥራ አወጣበት። ዛሬ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ አንድ መድረክ ላይ አስቀመጠ። መቅረጫውና ከበሮው በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አልተጣሉም። «ባህልን በቴክኖሎጂ ታበላሻላችሁ» ለሚሏችሁ ሰዎች ይህን ታሪክ ንገሯቸው።

ወደ ከበሮው ልመለስ። የሚጮህ የጠረጴዛ ሰዓት ወይም የሚዘፍን የሕፃን መጫወቻ ሲበላሽ አትጣሉት። ውስጡ ፒዬዞ የምትባል ስስ የነሐስ ክብ አለች፤ መሃሏ ነጭ ነው። ስትንኳኳ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። አንዱን ሽቦ ከነሐሱ፣ ሌላውን ከነጩ ጋር በሶልደር ያዙ። ነጩ ላይ አትቆዩ፤ ሙቀት ሲበዛበት ሽፋኑ ይላጣል። ነክቶ ማንሣት ነው። ከዚያ በከበሮው እንጨትና በጠፍሩ መሃል ሸጉጧት። ቆዳው መሃል ላይ አትለጥፏት፤ የከበሮውን ድምፅ ታፍናለች፣ ራሷም ቶሎ ትሰነጠቃለች። ሽቦዎቿን ወደ ላፕቶፑ የድምፅ መግቢያ አድርሱ። በኃይል ሲመቱባት ብዙ ቮልት ልትተፋ ስለምትችል መግቢያው ላይ መከላከያ ዳዮድ (የበዛውን ቮልት የሚያስቀር ትንሽ ዕቃ) አድርጉ።

ብዙዎቻችሁ የምትቸገሩበት ቦታ ቀጥሎ ነው። ከበሮ ሲመታ መብራት እንዲበራ ስታደርጉ፣ ከበሮው አንዴ ተመትቶ መብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ ይላል። ከበሮ ከተመታ በኋላም ይርገበገባልና ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ምት ይቆጥረዋል። መፍትሔው ሁለት ቁጥር መስጠት ነው። ለምሳሌ በፕሮግራሙ የድምፅ መለኪያ ድምፁ 70 ሲደርስ መብራቱ ይብራ፤ ከ55 በታች ሳይወርድ ግን ዳግም እንዳይበራ። ክረምት ሲገባ ቁጥሮቹን እንደገና ፈትሹ። ጣና ዳር ሐምሌ ላይ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፤ ድምፁም ይሞታል። አባቶቻችን ከመምታታቸው በፊት እሳት ዳር ያሞቁት የነበረው ለዚህ ነው። እናንተም መጀመሪያ አሙቁት፣ ከዚያ ቁጥሩን ንኩ።

መዘግየትም አለ። ላፕቶፑ ድምፁን በጥቂት በጥቂቱ እያጠራቀመ ነው የሚያወጣው። በሴኮንድ 44,100 ናሙና (የድምፅ ቅንጣት) ሲሠራ 1,024 ካጠራቀመ 23 ሚሊሴኮንድ ያህል ይዘገያል። 256 ላይ ብታደርጉት ወደ 6 ይወርዳል። ፕሮጀክተሩ ከዚህ በላይ የራሱን መዘግየት ይጨምራል። ስለዚህ ምቱን ለተራ ኤልኢዲ መብራት ስጡት። ቀስ ብሎ የሚለዋወጠውን ምስል ለፕሮጀክተሩ ተዉለት። ይህን ብቻ ብታደርጉ ሥራችሁ በአንድ ቀን ይለወጣል።

ፕሮጀክተሩን ካነሳን አይቀር፣ ሜኑው ውስጥ ለከፍታ ቦታ የሚሆን ማስተካከያ ፈልጉ። ብዙዎቹ ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሆኑ እንዲበራ ይጠይቃሉ። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ፈጥኖ ካልዞረ ዕቃው ይግላል። የሚያከራያችሁ ሰው ይህን ላይነግራችሁ ይችላል።

ድምፁ ውስጥ «እምምም» የሚል ወፍራም ነገር ከገባ መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ከጠፋ ጥፋቱ የግራውንድ (የመሬት መስመር) ነው። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ አድርጉት።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የድሮ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ለዕቃ ብላችሁ እንዳትከፍቱ። ከተነቀለ በኋላም የሚገድል ቮልት ይዞ ይቆያል። በባትሪ ድንጋይና በ9 ቮልት የሚሠራው ዓለም ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ሥራ አለው። ባለ 220 ቮልቱን ለሚያውቀው ሰው ተዉት።

ስለ ትርኢቱ አካሄድ ደግሞ ከልቤ የምነግራችሁ አለኝ። ብዙዎቻችሁ ያላችሁን ሁሉ በመጀመሪያው ደቂቃ ታፈሱታላችሁ። ቀለሙም፣ ባሱም፣ ጭሱም። ከዚያ በኋላ የምትሄዱበት ቦታ የለም። ጎጃም የሊቃውንት አገር ነው፤ ሲያሸበሽቡ አይታችሁ አድጋችኋል። በቁም ዜማው ያለ እንቅስቃሴ ይዜማል። በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል። በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባል። በጽፋት ጭብጨባው ተጨምሮ ይፈጥናል። ዓይንና ጆሮ አብረው፣ ደረጃ በደረጃ ይወጣሉ። ይህን አካሄድ አጥኑት። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮና ዜማ ራሱን ወስዳችሁ መድረክ ላይ አታድርጉት። የዘፈን ከበሮ ሞልቷል። ማኅሌት መቅረጽ ከፈለጋችሁም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። የተከለከላችሁ እንደሆነ እሺ በሉ።

መብራት እንደሚሄድ አስቡና ተዘጋጁ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ጄነሬተር አለ ተብዬ፣ ሰው ሞልቶ መብራት ሲሄድ ጄነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። የዚያን ቀን ሰዉን ያቆየው ማሲንቆና ጭብጨባ ነው። ከትርኢታችሁ ቢያንስ አንዱን ክፍል ያለ መስመር መብራት የሚሄድ አድርጉት። ብስክሌቱ፣ የእጅ ባትሪውና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር ይበቃሉ።

ውጭ የምታሳዩ ከሆነ ቀድማችሁ ሰፈሩን ዙሩ። ሐዘን የተቀመጠ ቤት ካለ ሞንታርቦ አይከፈትም፤ ለሌላ ቀን አዙሩት። አብሯችሁ ለሚጫወተው ባለ ማሲንቆ ክፍያውን ከትርኢቱ በፊት በእጁ ስጡት። የሚቀረጽ ከሆነም የት የት እንደሚለቀቅ ንገሩትና እሺ ይበላችሁ። ስሙን ደግሞ ከእናንተ ስም እኩል በትልቁ ጻፉት።