ግብር በዛብን ለምትሉ የኮሎራዶ ወገኖቼ

ይህን የምጽፈው በዴንቨርና በአውሮራ ለምትኖሩ፣ በተለይም በቅርቡ ዜግነት ለወሰዳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ ነው። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ቡና ላይ የሚነሳው ወሬ አንድ ነው፤ ግብር በዛ፣ ሳይጠይቁን ይጨምሩብናል፣ ማን ይሰማናል። ብዙ ዓመት ሰምቼ ዝም አልኩ። በዚህ ግዛት ግን ትጠየቃላችሁ። ግብሩ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለው ጥያቄ በምርጫው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ሰፍሮ በፖስታ እቤታችሁ ድረስ ይመጣል፤ ከሱቅ ማስታወቂያ ጋር ጠቅልላችሁ የምትጥሉት እናንተው ናችሁ።

1. ዜግነት ሳትወስዱ ለምርጫ አትመዝገቡ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ድምፅ ቢሰጥ ነገሩ እስከ መባረር ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከግዛቱ መሥሪያ ቤት ወደ 30,000 ለሚጠጉ ዜጋ ላልሆኑ ሰዎች «ተመዝገቡ» የሚል ካርድ በስህተት ተልኮ ነበር። ስለዚህ ካርድ መጣልኝ ብላችሁ አትታለሉ።

2. ፊርማችሁ አንድ ይሁን። መንጃ ፈቃዱ ላይ በእንግሊዝኛ፣ የድምፅ መስጫው ፖስታ ላይ በአማርኛ የሚፈርም ሰው ድምፁ ይያዝበታል። ከካውንቲው ደብዳቤ ከመጣ ቶሎ መልሱ፤ ከምርጫው ቀን በኋላ ያለው ጊዜ ስምንት ቀን ብቻ ነው።

3. ሕጉን እወቁት። በ1992 መራጩ ራሱ ያጸደቀው፣ በምህጻሩ «ታቦር» የሚባል የግዛቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ አለ። በእርሱ መሠረት ግዛቱም ሆነ ከተማው መራጩን ሳያስፈቅድ የግብር መጣኔ መጨመር አይችልም። የግዛቱ ገቢ ከዋጋ ንረቱና ከሕዝብ ብዛቱ ዕድገት ጋር ከተሰላው ጣሪያ ካለፈም ትርፉ ለነዋሪው ይመለሳል። በ2022 ለአንድ ሰው 750፣ ለባልና ሚስት 1,500 ዶላር በቼክ የመጣው ከዚህ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ግን የአገረ ገዥው ስጦታ መስሏችሁ ነበር።

ታዲያ የቤት ግብሩ ለምን ናረ ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መጣኔው ባይነካም ገማቹ የቤታችሁን ዋጋ ከፍ ሲያደርገው ሂሳቡ አብሮ ይወጣል፤ በ2023 በዴንቨር ዙሪያ የሆነው ይህ ነው። ግምቱ በሁለት ዓመት አንዴ በሜይ ይመጣል፣ መቃወሚያው ጁን መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ዕድሜያቸው 65 የሞላና በገዛ ቤታቸው አሥር ዓመት የኖሩ ወላጆች ካሏችሁ፣ ከቤቱ ዋጋ የመጀመሪያው 200,000 ዶላር ግማሹ ከግብር ነጻ እንዲሆንላቸው ማመልከት ይችላሉ። ካላመለከቱ ማንም አይሰጣቸውም።

4. አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ፖስታውን ከከፈቱትስ ስንቱ ነው ያነበበው? አንዱ የፕሬዚዳንቱን ስም ብቻ አጥቁሮ ጀርባውን ሳይገልጥ ያሽጋል። ሌላው «ግብር» የሚል ቃል ባየበት ሁሉ «አይ» ይላል። አገር ቤት በግብር ሰብሳቢ ያየው ፍዳ አብሮት መጥቷል፤ ይገባኛል። እዚህ ግን ማን እንደሚከፍል ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የጭማሪ ጥያቄ «የግዛቱ ግብር በዓመት በይህን ያህል ዶላር ይጨመር?» ብሎ በትልልቅ ፊደል እንዲጀምር ሕጉ ያስገድዳል። ብዙዎች ያንን አይተው ይደነግጡና እዚያው ያቆማሉ። ፍሬ ነገሩ ከታች ነው።

በ2022 ለመራጩ የቀረበውን «ኤፍ ኤፍ» የተባለ የግብር ጥያቄ ውሰዱ። ሲጀምር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጭማሪ ይላል። ወረድ ብሎ ሲነበብ የሚነካው በዓመት 300,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያገኘውን ብቻ ነው። ገንዘቡ እንዲውል የቀረበው ለሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነጻ ቁርስና ምሳ ነበር። ኤርፖርት በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ልጆቹ ያንን ምሳ የሚበሉ አባት «ግብር ነው ብዬ አይ አልኩ» ሲለኝ አንጀቴ አረረ። ጥያቄው አለፈ፤ ለልጆቹ የፈረደላቸው ግን የማያውቁት ሰው ነው።

በዚያው ዓመት የገቢ ግብሩን ከ4.55 ወደ 4.40 በመቶ የሚያወርድ ጥያቄም ቀርቦ ጸደቀ። እስቲ እናስላው። ግብር የሚታሰብበት ገቢው 50,000 ዶላር ለሆነ ሰው ጥቅሙ በዓመት 75 ዶላር ነው፤ ሚሊዮን ለሚያገኘው 1,500 ዶላር። «አዎ» ማለት መብታችሁ ነው፤ አስልታችሁ በሉት።

በ2023 የመጣው «ኤች ኤች» የተባለ ጥያቄ የቤት ግብር ጭማሪውን በመጠኑ አቅልሎ በምትኩ ከታቦር ተመላሹ የሚያስቀር ነበር። ቤት ላለውና ለተከራዩ ጥቅሙ የተለያየ ነው። መራጩ በሰፊ ልዩነት ጣለው። በእኛ መካከል ግን ባለቤቱም ተከራዩም አንዱ በቫይበር የላከላቸውን ገልብጠው ሞሉ። ለምን እንዲያ እንዳሉ ስጠይቃቸው የሚመልስልኝ አጣሁ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የ2018ቱ «ማሻሻያ 73» ነው። ከ150,000 ዶላር በላይ ከሚያገኙ ሰዎችና ከኩባንያዎች ሰብስቦ ለትምህርት ቤቶች በዓመት 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያመጣ ነበር። ለመጽደቅ 55 በመቶ ያስፈልገው ነበር፤ ግማሹንም አላገኘም። የእኛ ድምፅ ብቻውን ውጤቱን አይለውጠውም ነበር። የተቃወሙት የንግድ ሰዎቻችንም ምክንያት ነበራቸው፤ አስበውበት ስለሆነ አከብራቸዋለሁ። ልቤን የሚያቆስለው ልጆቻቸውን እዚያው ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ጥያቄው መቅረቡን እንኳ የሰሙት ከወደቀ በኋላ መሆኑ ነው። አገር ቤት የተሾመውን ሹም ስም ከነአባቱ የሚያውቅ፣ ስለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር የሚያድር ሰው፣ የልጁን ትምህርት ቤት በጀት ማን እንደሚወስን አያውቅም። ይህ ያሳፍራል። ልጆቻችን ያዩናል።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ከድምፅ መስጫው አስቀድሞ የሚመጣውን፣ ጥያቄዎቹን የሚያብራራውን «ብሉ ቡክ» የተባለ መጽሐፍ ልጃችሁ ታንብብላችሁ። የጥያቄው ደጋፊም ተቃዋሚም ያለው ተጽፎበታል። ሕጉ ከአሠሪያችሁና ከሠራተኛ ማኅበር ተወካያችሁ በቀር ረዳት መምረጥ ይፈቅድላችኋል። ረዳት ያነብላችኋል፣ አይወስንላችሁም። የሚስቱን ወረቀት ራሱ ሞልቶ «እዚህ ፈርሚ» የሚል ባል ደግሞ ወንጀል እየሠራ መሆኑን ይወቅ።

ወረቀቱ በምርጫው ቀን እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ካልደረሰ አይቆጠርም። የመጨረሻው ሳምንት ከገባ በፖስታ አትላኩት፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ የድምፅ መቀበያው ሳጥን ውስጥ ክተቱት።