የፋርማሲስቷ ጥያቄና መልስ፦ መድኃኒትና ሪሴፕተር

ፋርማሲስት ነኝ። መድኃኒት ሪሴፕተር ላይ፣ ማለትም ሴል ላይ ባለው መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን ላይ፣ ምን እንደሚሠራ ጠይቁኝ። ስንት ፍሬ ይዋጥ ለሚለው ሐኪማችሁ አለ።

ጥያቄ፦ የአስም ፓፍ ስወስድ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለምን?

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ፓፉ ውስጥ ያለው መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ የሚፈለገው ሳንባ ላይ ላለው፣ ቤታ 2 ለሚባለው ሪሴፕተር ነው። እሱን ሲያነቃው የአየር ቧንቧው ጡንቻ ይላላል። ግን ቤታ 2 የእጅ ጡንቻ ላይም አለ፤ መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው። ልብ ላይ የሚበዛው ደግሞ ቤታ 1 ነው።

አልኪስት የተባለ አሜሪካዊ የአድሬናሊንን (ስንደነግጥ ልብ የሚያስደልቀውን ሆርሞን) ሪሴፕተሮች አልፋና ቤታ ብሎ የለያቸው በ1948 ነው። ጄምስ ብላክ የተባለ ተመራማሪ በዚያ ላይ ተነስቶ ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብና የግፊት መድኃኒት ሠራ፤ በ1988 ኖቤል ተሸለመ። ፕሮፕራኖሎል ሪሴፕተሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አያነቃውም፤ አድሬናሊን እንዳይገባ ቦታውን ይይዛል። ቤታ 1ን ከቤታ 2 አይለይም። አስም ያለበት ሰው ከጎረቤት ተቀብሎ ቢውጠው ትንፋሹ ሊያጥረው፣ ፓፉም ላይረዳው ይችላል። እባካችሁ የሰው መድኃኒት አትዋጡ!

ጥያቄ፦ ለግፊት ጥሩው መድኃኒት የቱ ነው?

መልስ፦ ለማን? ዕድሜ፣ ኩላሊት፣ እርግዝና ሳይታወቅ አይመለስም። ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ፕሮፕራኖሎል ስድስት ወር ወሰድኩ። ተሽሎኛል፤ ላቁም?

መልስ፦ በድንገት በፍጹም! መድኃኒቱ ሪሴፕተሩን ሲዘጋበት ሰውነት ተጨማሪ ሪሴፕተር ያበጃል። ድንገት ሲቆም አድሬናሊን ያን ሁሉ ክፍት ያገኘዋል፤ ልብ ይደልቃል። የልብ ሕመም ላለበት አደገኛ ነው። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስልዎት።

አንድ አባል፦ ቡናም እንደዚሁ ነው? ጠዋት ካልጠጣሁ ራሴን ይፈልጠኛል።

ሌላ አባል፦ ሱስ ነዋ! እናቴ ግን እስከ በረካ ጠጥታ ለጥ ትላለች።

የመጀመሪያው፦ በረካ እኮ ውኃ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በዚያው አተላ ላይ ውኃ ስለሚጨመር በረካ ቀጭን ነው። ካፌይንን ጉበቱ ቶሎ የሚያስወግድ ሰውም አለ። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ሪሴፕተሩን ሲይዝ ያደክመናል። ካፌይን ቦታውን ይቀድመዋል። ስለዚህ ድካሙ አልጠፋም፣ አልተሰማንም እንጂ። ቡናው ሲቀር አዴኖሲን የአንጎልን ደም ሥር ያሰፋል፤ ራስ ምታቱ ይመጣል። የለመደ ሰው በአንዴ ከማቆም ሲኒውን ቢቀንስ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ አስም አለብኝ፣ ፕሮፕራኖሎል ለጭንቀት ልውሰድ?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ፤ እባክዎ ያንብቡት። አይውሰዱ። አስም እንዳለብዎት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሌላ ያዝልዎታል።

ጥያቄ፦ የአለርጂ ክኒን ለምን ያስተኛል?

መልስ፦ ሂስታሚን፣ ማለትም አለርጂውን የሚቀሰቅሰው የሰውነት ንጥረ ነገር፣ አንጎልንም ያነቃል። ክሎርፌኒራሚን የተባለው የአለርጂ ክኒን አንጎል ገብቶ የሂስታሚንን ሪሴፕተር ይዘጋል። ሴቲሪዚን ከተባለው ሌላ የአለርጂ ክኒን ግን አንጎል የሚገባው ጥቂት ነው። ክሎርፌኒራሚን ውጠው መኪና አይንዱ።