መብራቱ ሁሉ ባንዴ ሲበራ

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስነዳ የኤቢኤስ፣ የኤርባግና የመሪ መብራቶች አብረው ይበሩና ቆይተው ይጠፋሉ። መካኒኩ "ኮምፒውተሩ ይቀየር" አለኝ። ልቀይረው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ኧረ ቆይ ወንድሜ፣ ብርህን አታውጣ! ሦስት ሞጁል (የየክፍሉ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ባንዴ የሚበላሸው ስንቴ ነው? ብዙ ጊዜ ጣጣው ያለው ሞጁሎቹ መረጃ በሚለዋወጡባቸው ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች፣ ማለትም በካን መስመሩ፣ ወይም በባትሪና በግራውንድ (የባትሪውን ኔጋቲቭ ከመኪናው አካል በሚያገናኘው ሽቦ) ላይ ነው። በዲያግኖስቲክ ማሽን ሲታይ በ"ዩ" የሚጀምር ኮድ ከወጣ ይህንኑ ጠርጥር። መጀመሪያ ባትሪውና ግራውንዱ ይታዩ። ከዚያ ባትሪው ይነቀልና በዲያግኖስቲክ ሶኬቱ 6ኛና 14ኛ ፒን መካከል በቴስተር ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ) ይለካ፦ በአብዛኞቹ መኪኖች 60 ኦም አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፣ 120 ከሆነ የሆነ ቦታ ተቋርጧል፣ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሾርት አለ፣ ማለትም ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ያንተ የሚመጣና የሚሄድ ስለሆነ ቆሞ ሲለካ 60 ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ መካኒኩ እየለካ ሽቦዎቹን ይነቅንቃቸው፣ በተለይ ውሃ የሚያገኛቸውን ሶኬቶች። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ላይ ይፈልግ።