ሐይቃችን እንደ ባሕር ይነሣብን ይሆን?

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል አጠገብ ዓሣ ጠብሼ እሸጣለሁ። በክረምት ማብቂያ ውሃው ወደ ምድጃዬ ይጠጋል። ሞዛምቢክን ያጥለቀለቀው ዓይነት ማዕበል እዚህም ሊመጣ ይችላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ያ ዓይነቱ አይመጣብዎትም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የሞዛምቢኳን የቤይራን ከተማ የመታው ኢዳይ የተባለ አውሎ ነፋስ የባሕሩን ውሃ ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ እየገፋ ከመረው። በአውሎ ነፋሱ መሃል የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ሲቀንስ ባሕሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ዋናው ገፊ ግን ነፋሱ ነው። በዚያ ላይ ጨረቃና ፀሐይ የሚስቡት የባሕር ሙላት ከተገጣጠመ መዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በዛሬዋ ባንግላዴሽ ቢያንስ 300,000 ሰው ያለቀው እንዲህ ነው። ይህን ቁጥር ስጽፍ ዛሬም ያመኛል።

ሐዋሳ ሐይቅ ለዚህ ትንሽ ነው፤ የጨረቃ ስበትም ዐይን የሚያየው ሙላት አያመጣበትም። የእሱ ችግር መውጫ ወንዝ የሌለው መሆኑ ነው። ዝናቡና ጥቁር ውሃ ወንዝ ያስገቡትን በዋናነት የሚቀንሰው ትነት ነው፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው ደለልም ወለሉን ይሞላዋል። ስለዚህ ውሃው የሚነሣው በሰዓታት ሳይሆን በሳምንታትና በወራት ነው፤ ለመዘጋጀት ጊዜ ይሰጥዎታል። ምድጃዎን መስከረም ሳይጠባ ከፍ ወዳለ ቦታ ያዛውሩ፤ ዱቄቱንና ከሰሉንም መሬት ላይ አያስቀምጡ። ከጎርፍ መከላከያው ግድብ አፈር የሚዝቅ ሰው ካዩ ለቀበሌው ይንገሩ፣ ዝም አይበሉ። ደንገሉን የሚነቅሉትንም እባክዎ ይከልክሉልን፤ ሞገዱን የሚሰብርልን እሱ ነው።