«ተቀመጥ ስለው አይገባውም»

ጥያቄ፦ ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። አስተማሪው ጠርቶኝ «ልጅሽ ጉንዳን የወረረው ነው የሚመስለው» አለኝ። ወንበር ያወዛውዛል፣ እግሩ አያርፍም። የቤት ሥራውንም ቆሞ፣ አንዳንዴም ክፍሉን እየዞረ ነው የሚሠራው። አባቱ ሲቆጣው ይቀመጣል፤ ያኔ ግን ምንም አይገባውም። ምን ይሻለኛል? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጽፈሽው አልፈሻል። ሲቀመጥ አይገባውም።

አያቴ መንዝ ውስጥ ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር። ጎረቤት ተጣልቶ ሊካሰስ ሲመጣ እንዝርቷን እያሾረች ነው የምትሰማው። አንድ ቃል አያመልጣትም። እንዝርቱን ካስቀመጠች ግን እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። የአብነት ተማሪም ሲያነብ እየተወዛወዘ ነው፤ ማንም «እረፍ» አይለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሮ ሥራው ሲሰለቸው ይደነዝዛል። መወዛወዙ የሚያነቃው ይመስላል። በፈረንጆቹ 2009 ጃኪ አንድራድ የተባለች ተመራማሪ 40 ሰዎችን አሰልቺ የስልክ መልእክት አስደመጠች። ግማሾቹ እየሰሙ ወረቀት ላይ ቅርጾች ያጠቁሩ ነበር። በኋላ ሲጠየቁ እነሱ 29 በመቶ የበለጠ አስታወሱ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ደግሞ የትኩረት ችግር (ኤዲኤችዲ) ያለባቸውን ልጆች ቁርጭምጭሚት ላይ መለኪያ አሰሩ። ልጆቹ በትክክል ሲመልሱ እግራቸው ይበልጥ ይንቀሳቀስ ነበር። ችግሩ በሌለባቸው ልጆች ላይ ግን ይህ አልታየም። ስለዚህ ለሁሉም ልጅ ይሠራል ብዬ አልምልልሽም።

እኔም ሳስተምር «እጅ አጣምር!» ባይ ነበርኩ። አጣምረው ቀጥ ብለው ይቀመጡልኛል፤ ግማሾቹ ዓይናቸውን ገልጠው ተኝተዋል። ደግሞ በደብረ ብርሃን ብርድ እንኳን ልጅ፣ አዋቂስ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ይውላል?

እንግዲህ ሞክሪው። ሦስት ማታ ቆሞ፣ ሦስት ማታ ተቀምጦ ሒሳብ ይሥራ። ስንቱን እንዳገኘ ደብተር ላይ ጻፊ። ቆሞ የሚሻለው ከሆነ ደብተሩን ለአስተማሪው አሳዪው፤ ከክርክር ቁጥር ይሻላል። ክፍል ውስጥ ድምፅ የሌለው መላ ያስፈልገዋል። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠሽ በወንበሩ ሁለት የፊት እግሮች መካከል እሰሪለት፤ በእግሩ እየገፋ ይቀመጣል። ሰሌዳ ማጥፋትና ደብተር መሰብሰብም ለእሱ ይሰጠው። ያ የሚሽከረከር ስፒነር የሚሉትን ግን አትግዢለት። ዓይን ይስባል፤ የሱንም የጎረቤቱንም። እጅ ወይም እግር ይሥራ እንጂ ዓይን ትምህርቱ ላይ መሆን አለበት።

መቅበጥበጡ ቤትም ትምህርት ቤትም ከሆነ፣ ከስድስት ወር ካለፈና ትምህርቱን ወይም ከጓደኞቹ ጋር መዋሉን ካበላሸ፣ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ሌሊት በደንብ መተኛቱንም እዪ፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅም እንዲሁ ያደርገዋል።

አባቱን ደግሞ ዛሬ ማታ ዜና ሲሰማ እግሩን እዪልኝ።