«ዕፅ» ልበለው ወይስ «ተክል»?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። የምኖረው አቡ ዳቢ ነው። በብርዱ ወራት ዝናብ ሲጥል ከአሸዋው ላይ የሚበቅል፣ ዐረቦቹ ኩሐይል የሚሉት ትንሽ ነገር አለ፤ በሳይንስ ስሙ አርኔቢያ ሂስፒዲሲማ ነው አሉኝ። ለማኅበራችን መጽሔት እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ጸጉራም ቢጫ አበባ ያለው፣ ቀለምና መድኃኒት የያዘ ሥር ያለው የበረሃ ዕፅ። በአማርኛ የበረሃ ቀይ ሥር ልንለው እንችላለን።» አንድ ወዳጄ አንብቦ «ዕፅ ብለህ በሰው አገር ልታስይዘን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ ወዳጅዎ ቢቀልዱም ነገራቸው እውነት አለው። «ዕፅ» በግእዝ ዛፍ ነው፣ እንጨት ነው። ዕፀ በለስ፣ ዕፀ ሕይወት፣ ዕፀ መስቀል ስንል የምናስበው እንጨትነት ያለው ነገር ነው። የእርስዎ ኩሐይል ግን ቁመቷ ከስንዝር ብዙም አያልፍም፣ ሙቀቱ ሲበረታ ደርቃ ትጠፋለች፤ ስለዚህ በግእዙም ሚዛን ዕፅ ለመባል አትበቃም። በአማርኛው ሚዛን ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። «አደንዛዥ ዕፅ» የሚለው ሐረግ በዜና ሲደጋገም ቅጽሉ ወደቀና ክሱ ለስሙ ብቻ ቀረ። ዛሬ «ዕፅ ሲያዘዋውር ተያዘ» ሲባል ምን ዓይነት ዕፅ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚገርመው ብዙ ቁጥሩ ከነገሩ ነጻ ነው፤ «የአገራችን ዕፀዋት» ቢሉ ማንም አይጠረጥርዎትም። «ዕፀው» ራሱ ብዙ ቁጥር ሆኖ ሳለ «ዕፀዋት» ብለን ደግመን ማብዛታችንን ለጊዜው እንለፈው።

ታዲያ በምን እንተካው? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ ዛፍን ለብቻው አድርጎ ትንንሾቹን «ሣርንና ቡቃያን» ይላቸዋል። ያማረ አማርኛ ነው፤ ግን ዛሬ ቡቃያ ሲባል የምንሰማው ገና የበቀለውን እንጂ አብቦ ያፈራውን አይደለም። «ቅጠል»ም በባህል መድኃኒት ቋንቋ ሰፊ ቦታ አለው፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ሥሩ ነው። የድሮ ሰዎች «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ሲሉ ለስድብ ይሁን እንጂ ሁለቱን ሥራዎች አልቀላቀሉም። እኔ «ተክል»ን እመርጣለሁ። «ሰው ያልተከለው እንዴት ተክል ይባላል?» የሚሉ አሉ። «የዱር ተክል» ብሎ የማይናገር፣ ሲነገረውም የማይገባው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ቃሉ ከግሱ ርቆ ከሄደ ቆይቷል።

ወደ ዓረፍተ ነገርዎ ስንመለስ ከ«ዕፅ» የባሰ እንከን አለበት። «ጸጉራም ቢጫ አበባ ያለው» ሲሉ ጸጉራሙ ማን ነው? በአማርኛ ቅጽል የሚለጠፈው አጠገቡ ባገኘው ስም ላይ ስለሆነ አንባቢ አበባውን ጸጉራም አድርጎ ያነበዋል። እርስዎ የፈለጉት ግን ግንዱንና ቅጠሉን ነው። ነጠላ ሰረዝ ቢጨምሩ ጥቂት ይረዳል፤ መፍትሔው ግን ዓረፍተ ነገሩን መክፈል ነው። «ጸጉራም» የሚለው ቃል ራሱ ግን አይነቀፍም፤ እንደ «እሾሃም»፣ እንደ «ቅጠላም» ብዛትን ይናገራል። የላቲኑ «ሂስፒዲሲማ»ም «እጅግ ሻካራ ጸጉር ያላት» ማለት ስለሆነ «ሻካራ» የምትለውን ቃል ቢጨምሩባት ይበልጥ ትገልጻለች።

«የበረሃ ቀይ ሥር»ን ግን ይተዉት። ቀይ ሥር ያልን እንደሆነ ለሁላችንም የሚታየን ሰላጣ ላይ የሚቀርበው ነው። የሐሳቡ አካሄድ መጥፎ አልነበረም። ጃፓኖች የዚህችን ተክል የቅርብ ዘመድ ሥር «ሺኮን» ብለውታል፣ «ሐምራዊ ሥር» ማለት ነው፤ «ሺኮኒን» የተባለው ቀለምም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በኩሐይልም ሥር ልጣጭ ውስጥ ያለው ሺኮኒንና መንትያው አልካኒን ነው። የእኛ ቀይ ሥር ቀለሙን ለውሃ ይለቃል፤ ይህኛው ግን ውሃን እምቢ ብሎ ለዘይትና ለቅባት ይለቃል። መቅመቆ ለቅቤያችን ቀለም የሚሰጠው እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ የቤት እመቤት ይህ አይገርማትም። የባሕረ ሰላጤው የበደዊን ሴቶች ሥሩን ፊታቸውን ለማቅላት ይጠቀሙበት ነበር፤ የእኛዎቹ የእንሶስላን ሥር ለእጅና ለእግር ይሞቁታል። እንግዲህ የአገሩን ስም «ኩሐይል»ን እንዳለ ቢወስዱት ይሻላል። ከ«ኩል» ጋር ዝምድና ስላለው ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም።

የቀረችው «መድኃኒት የያዘ» የምትለው ናት። ይህ አነጋገር ፈዋሽነቱን አረጋግጦ ይናገራል። «ለመድኃኒት የሚጠቀሙበት» ካሉ ግን የሰዎቹን ልማድ ብቻ ነገሩ። ሰዎች ለቁስልና ለትኩሳት እንደተጠቀሙበት መጻፍ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ በዚህ የተክል ቤተሰብ ውስጥ ጉበት የሚጎዱ አልካሎይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት ስለሚገኙ አንባቢዎ ቆፍሮ እንዲያፈላው የሚጋብዝ ግስ አይምረጡ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ኩሐይል ዝናብ ሲጥል በበረሃ አሸዋ ላይ የምትበቅል ትንሽ ተክል ናት። ግንዷንና ቅጠሏን ሻካራ ጸጉር ሸፍኖታል፤ አበባዋ ቢጫ ነው። ከሥሯ ልጣጭ ቀይ ቀለም ይወጣል፤ የአካባቢው ሰዎች ለመድኃኒትም ይጠቀሙበታል።»

በሴት አንቀጽ የጻፍኳት አማርኛ ትንሽ ነገርን አንስታይ ማድረግ ስለሚወድ ነው። «ነው» ብለው ቢጽፉም አልከራከርዎትም፤ ብቻ መሐል ላይ እንዳይቀይሩት።